ለትርንጎ የተሠራው አሞርዛተር

ታናሽ እኅቴ ትርንጎ ኻርቱም ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ እሷ እየመጣች ታየን ነበር እንጂ እኔ ድንበር ተሻግሬ አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ፤ ከጎንደር ርቄ የሄድኩት ለሕክምና አዲስ አበባ ድረስ ብቻ ነው። ዘንድሮ ኻርቱም የሄድኩት ትርንጎ ወድቃ ዳሌዋ ስለተሰበረ ነው። እዚያው ሐኪም ቤት ብረት አስገብተው ጠግነውላታል። ቆማ ጥቂት ትራመዳለች፤ መንገጫገጭ ግን አትችልም። ባሏ ይማም ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስለሚውል ብቻዋን ተኝታ ትውላለች። ወደ ወላጆቻችን ቤት መጥታ እኔ ላስታምማት ተስማማን።

በአውሮፕላን ተኝቶ ለሚሄድ በሽተኛ የሚጠየቀው ገንዘብ ከአቅማችን በላይ ሆነ። ይማም አትክልት የሚያመላልስባት አሮጌ ፒካፕ አለችው። በሷ ሊያመጣት ሞክሮ መደኒ የምትባለው ከተማ ሳይደርሱ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ላይ መኪናዋ ስትመታ ትርንጎ ጮኸች። እዚያው ዞረው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በስልክ፣ «አንቺ ከመጣሽ አንድ ጊዜ ብቻ እሞክራለሁ። ካልሆነ እዚሁ ልቅር፤ ዳግመኛ አታንሱብኝ» አለችኝ። ስለዚህ ሄድኩ። ጎረቤቶቼ የሱዳንን ነገር ንገሪን እያላችሁ ስትጠይቁኝ ሰንብታችኋል። በቃል መናገር ስለማይሆንልኝ ጻፍኩት።

ቅዳሜ

ከጎንደር መናኸሪያ በማለዳ ስንነሳ ጋቢ ለብሼ ነበር። ገንዳ ውኃ ሳንደርስ ጋቢውን አወለቅኩ፤ መተማ ስንገባ ነጠላውም ከበደኝ። ለትርንጎ ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልዬ፣ በፌስታል ደርቤ ይዤ ነበር። እኛ ቤት ቅቤ በመስኮት በኩል ቢቀመጥ ሳምንት ሳይቀልጥ ይከርማል። ቆላ ምን እንደሚያደርገው አላሰብኩም። ጋላባት ላይ ሻንጣዬን የሚፈትሸው ሱዳናዊ እጁን ሰድዶ ሲያወጣ እስከ አንጓው ድረስ ቅቤ ሆኗል። እኔ በሐፍረት መሬት መሬቱን አየሁ። እሱ እጁን አሸተተ፣ ፈገግ አለ፣ ፀጉሩን ቀባና ማኅተሙን መታልኝ።

ገዳሪፍ ያደርኩት ዘይነብ የምትባል የወሎ ሴት በምታከራየው ቤት ነው። ሻንጣዬን ከፍታ ሳታስፈቅደኝ ልብሴን ሁሉ በሙቅ ውኃ ዘፈዘፈችው። «እትዬ፣ በዚህ ቅቤ ተለውሰሽ ኻርቱም ብትገቢ ዝንብ ነው የሚቀበልሽ» አለችኝ። የታጠበው ጠዋት ሻይ ሳይፈላ ደርቆ ነበር፤ ጎንደር በክረምት ቢሆን ቀናት ይወስዳል። እዚያ ሰው የሚተኛው ግቢ ውስጥ፣ ሰማይ ሥር ነው። እኛ ዘንድ ውጭ የሚያድር ሰው ወይ ቤት የለውም ወይ ቤቱ ሠርግ አለ። አልጋቸው ዐንገረብ ይባላል፤ በገመድ የተጠላለፈ ሆኖ የእኛን ጠፍር አልጋ ይመስላል። ከማላውቀው ሰው መካከል መተኛት እንደከበደኝ ዘይነብ ስታይ የእኔን ዐንገረብ ከግድግዳው አስጠግታ የራሷን ከውጭ በኩል አደረገች። በደንብ ተኛሁ።

እሑድ

ከገዳሪፍ ኻርቱም ያለው አገር ሜዳ ነው። እኛ አገር መንገድ በየመታጠፊያው አዲስ ነገር ያሳያል፤ እዚህ የቀደመውን ሲያሳይሽ ይውላል። እኔም ሌላ የማየው ስላጣሁ ጉድጓዶቹን ስመለከት ዋልኩ። መደኒን ካለፍን በኋላ፣ ይሄ ይሆን ያስጮኻት? ያኛው ይሆን? እያልኩ ነበር።

ኻርቱም መናኸሪያ ይማም ነጭ ጀላቢያ ለብሶ ቆሞ አገኘሁት። ረጅም ነው፤ ወሬ አያበዛም። «ደኅና ገባሽ እትዬ» አለና ሻንጣዬን ተቀበለኝ። መኪናዋ ባለ ሁለት ረድፍ ወንበር ናት፤ ከኋላዋ መጫኛ አላት። እዚያ አገር ፒካፕን ቦክሲ ይሉታል።

የሚኖሩበት ዴም የሚባል ሰፈር ነው። በዐማርኛ የተጻፈ የሱቅ ስም ሳይ ከአገሬ ያልወጣሁ መሰለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሙቀቱ እንደወጣሁ አስታወሰኝ። ትርንጎ ግቢ ውስጥ ዐንገረብ ላይ ጋደም ብላ ነበር። ተሳሳምን።

«ከስተሻል» አልኳት።

«አንቺም አርጅተሻል» አለችኝ። ከዚያ፣ «ቅቤው የታለ?» ብላ ጠየቀች።

«ግማሹ ጋላባት ሰው ፀጉር ላይ ነው» አልኳት።

ሰኞ

ይማም አስቦ የቆየው ትርንጎን ከኋላ መጫኛው ላይ አስተኝቶ ለመውሰድ ነበር። ባለፈው ጋቢና ተቀምጣ ስለታመመች መተኛቱ ይሻላት ይሆናል ብሎ ነው። እንዲለሰልስ ከኋላ መኪናዋን ከሚሸከሙት የባሌስትራ ብረቶች አንዱን አስነቅሎላታል። አሁን መሞከር ነበረበት። ትርንጎን ለሙከራ ማውጣት አይሆንም። በቁመትም በክብደትም እኩል ስለሆንን፣ «እኔ ልተኛበት» አልኩ። «ያምሻል እትዬ» አለኝ ይማም። እኔ ካመመኝ እሷንም እንደሚያማት እናውቃለን አልኩት።

ማክሰኞ

ይማም ዐንገረቧን መጫኛው ላይ በገመድ አሰራት፣ ፍራሽ አነጠፈባት፣ ተኛሁ። ፀሐዩ እንዳይጠብሰኝ አቧራውም አፍንጫዬ እንዳይገባ ነጠላዬን ከራስ ፀጉሬ እስከ እግሬ ተከናነብኩ። ቡሪ ወደሚባለው አሮጌ ሰፈር ሄድን፤ አስፋልት የሌለው ጉድጓዳም መንገድ እዚያ ያውቃል። እንዳያመኝ መኪናዋን በጣም ቀስ እያለ ነዳት።

ኻርቱም ውስጥ ጡሩምባ የማይነፋ ሹፌር አላየሁም ነበር። ያን ቀን ግን ከኋላችን የነበሩት መኪኖች ድምፃቸውን አጥፍተው ተከተሉን። የቡሪ ሰው ትዕግሥት አለው ብዬ አሰብኩ። ቆየት ብሎ መኪናዋ ከኋላ ዝቅ፣ ዝቅ አለች፤ ሰዎች እንደተሳፈሩ ገባኝ። ይማም ያሳፈራቸው መሰለኝ። አንዱ ከራስጌዬ ተቀምጦ የዐንገረቧን እግር ደግፎ ያዘ። እንዳልንገጫገጭ ማሰቡ ነው ብዬ በልቤ አመሰገንኩት። እሱም በቀስታ ጸሎት ማድረስ ጀመረ። ይህ አገር መንገድ ላይም ይጸለያል ማለት ነው አልኩ።

ይኸኔ ጉድጓድ መታን። ከነጠላው ውስጥ ሆኜ፣ «ኧረ ይማም፣ ቀስ!» አልኩ።

ጸሎቱ ቆመ። ነጠላውን ከፊቴ ስገልጥ ሁለት ሰዎች ከመኪናዋ ዘለው ሲወርዱ አየሁ። ከራስጌዬ የነበሩት ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ግን አልወረዱም። ዓይናቸውን ዓይኔ ላይ ተክለው ቆዩና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቀጥለውም የሆነ ነገር ጠየቁኝ። ይማም መኪናዋን አቁሞ፣ ፊቱ ተለዋውጦ እየሮጠ መጣ።

«ምን አሉኝ?»

«‹ሐጃ፣ ወዴት ነበር የምንወስድሽ?› ነው ያሉሽ።»

ሐጃ የሚሉት ትልቅ ሴትን ሁሉ ነው። በዚያ አገር ሬሳ ወደ መቃብር የሚሄደው ነጭ ለብሶ በዐንገረብ ነው። ያየ ሰው ሁሉ፣ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ሥራውን ትቶ ይከተላል። እኛም ቀብር አንቀርም፤ ግን ማን ሞተ ብለን እንጠይቃለን። እነሱ የሚጠይቁት ከቀበሩ በኋላ ነው። ዘለው ከወረዱት አንዱ ሆዱን ይዞ እየሳቀ፣ «ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት! አሁን ሄጄ ምን ብዬ ልክፈተው?» ይል ነበር። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖችም የዘጉትን ጡሩምባ በአንድነት ለቀቁት። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሽማግሌው ሐጅ በሺር ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። «ልንቀብራት መጥተን ምሳ ሳናበላት አንሸኛትም» ብለው ቤታቸው ወሰዱን። ባለቤታቸው ኪስራ በወጥ አቀረቡልን። ኪስራ ከማሽላ የሚጋገር ነው፤ ከእንጀራ ይሳሳል፣ ዓይንም የለውም፣ ሆምጠጥ ማለቱ ግን የዘመድ ነው። ይማም የትርንጎን ነገር ሲያስረዳቸው ሐጅ በሺር እጃቸውን አጣጠፉ፤ እኔን ሲያዩ ግን መሳቅ አላቆሙም።

«ከኋላ የሚጫን ዕቃ ነው፤ ወይም ሬሳ» አሉ። «ሰው ጋቢና ይቀመጣል። ወንበሩን አጋድሙላት፣ የፊቱን ደግሞ አለስልሱት። የሚያለሰልስ ሰው አሳይሃለሁ።»

ማታ ለትርንጎ ላለመንገር ተስማምተን ነበር። አልሆነም፤ ይማም እንደገባ ይስቅ ጀመር። ይማም ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ትርንጎም ዳሌዋን በእጇ ደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቁ ሲያልፍላት እንባዋን ጠረገች።

«ከዚህ አገር በዐንገረብ አልወጣም» አለች። «ኸላስ፣ በቃ። ተቀምጬ፣ ጎረቤቶቼን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነው የምወጣው።»

ረቡዕ

ሐጅ በሺር የወሰዱን ጋራዦች ከሚበዙበት ሰፈር ነው። ጎንደር አንድ መካኒክ ጋር ቁጭ ለማለት ድንጋይ ትፈልጊያለሽ፤ እዚህ ገና ሳልደርስ ወንበር መጣልኝ፣ ሻይ መጣልኝ። መካኒኩ ኡስታ ሲዲቅ ይባላል፤ ኡስታ ማለት ባለሙያ ነው። ከሐበሻ ደንበኞቹ የለቀማት ዐማርኛ አለችው።

ትርንጎን የሚያማት ከፊት ያለው አሞርዛተር አጭርና ደረቅ ስለሆነ ነው ተባለ። አሞርዛተር ጎማ ሲዘል መኪናዋ አብራ እንዳትዘል የሚይዝ፣ እንደ ብስክሌት መንፊያ ወጣ ገባ የሚል ቱቦ ነው። ኡስታ ሲዲቅ መጀመሪያ አሞርዛተሩን ሳይለውጥ ከፊት ክብደቷን የሚሸከመውን ዘንግ ጠምዝዞ አጠነከረና የመኪናዋን አፍንጫ ከፍ አደረገ። ወርቅ ፍለጋ በረሃ የሚወርዱ ሰዎች ሁሉ እንደዚህ ያሠራሉ፤ አንድም ቀን አማርረው አያውቁም አለን።

ወንበሩን አጋድሜ ተቀመጥኩና ይማም ነዳኝ። ባሰ። ጉብታው ላይ ስንወጣ ምንም አይል፤ ጎማው ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ግን ከሥሬ «ጓ!» ብሎ ወገቤን ይመታኛል። ተመልሰን እንደዚያው ነገርኩት።

«ወርቅ ሰዎች ምንም አይልም» አለ ኡስታ ሲዲቅ ቅር ብሎት።

«የወርቅ ሰዎች ዳሌያቸው ደኅና ነዋ» አልኩ።

ይማም ሲተረጉምለት ሳቀ። ካርቶን አንጥፎ ከመኪናዋ ሥር ገባ፤ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ለይማም በዐረብኛ ነገረው፣ ይማም ለእኔ። አፍንጫዋ ከፍ ሲል ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ አልቋል። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ሳይደርስበት በአጭሩ አሞርዛተር ላይ ይንጠለጠላል፤ የሚመታኝ ያ ነው። ዘንጉ ወደነበረበት ይላላል፣ አሞርዛተሩ ይረዝማል፤ ጎማው እንደልቡ ይውጣ ይውረድ።

«ነገ» አለ ኡስታ ሲዲቅ ለእኔ። «ነገ ሐጃ ተኝታለች፣ እኔ ነድቻለሁ፣ ሐጃ አልነቃችም።»

ሐሙስ

ኡስታ ሲዲቅ ዘንጉን አላልቶ ከትልቅ መኪና የወጣ ረጅም አሞርዛተር አመጣ። ከታች ገጠመ፤ ከላይ ግን ቦታው አልደረሰም። የላይኛውን ማሰሪያ ቆርጦ ከፍ አድርጎ በየደው። በክሪክ አንስቶ ጎማው ሲንጠለጠል የፍሬኑ ቱቦ እንደ ክራር ክር ተወጠረ። ይህን ሲያይ ይማም ደነገጠ፤ መንገድ ላይ ቢበጠስ ፍሬን የለም ማለት ነው። ሥራው ቆመና ረጅም ቱቦ ተፈልጎ ተገጠመ። ጎማው ከልክ በላይ እንዳይወርድም ኡስታ ሲዲቅ የሚገታ ወፍራም የሸራ ቀበቶ አሰረለት። ይማም ሁሉንም እጁን እያስገባ ይነካካል፤ አንድ ብሎን ሲጠብቅ እሱ ደግሞ ያጠብቀዋል።

ኡስታ ሲዲቅ መፍቻውን ይዞ አየው።

«ሴትዮ ሂዳለች። አንተ ተመልሳለህ?»

«እመለሳለሁ። ሥራዬ እዚህ ነው» አለ ይማም።

«እንዴ! ለመለያየት ነው እንዲህ?»

«እያመማት ከምትቀርልኝ...» አለና መፍቻውን ከእጁ ወሰደበት።

ከሰዓት በኋላ በዚያው በቡሪ መንገድ ሄድን። ያ ሱቅ ዘግቶ የነበረው ሰውዬ ከበራፉ ሆኖ እጁን አነሳልኝ። መኪናዋ ጉድጓዱን እንደምትረግጥ ይታወቀኛል፤ ወደ እኔ ግን አይደርስም። መንገዱ ሲያልቅ «ትችለዋለች» አልኩ። ይህን ስል ይማም ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። «ጥሩ» አለና ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ወደ ቤት ነዳ።

ዓርብ

ጎረቤት ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ትርንጎ ዐማራት በሚባለው ሰፈር ለዓመታት ምግብ ታበስልላት የነበረች ሱዳናዊት እመቤት በልጇ ተደግፋ መጣች። የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉትን ረጅም ልብስ፣ ቶብ፣ አምጥታ ራሷ አለበሰቻት፤ እጥፋቱን አስተካከለች፣ እንደገና ፈታችና እንደገና አስተካከለች። ይማም ከጁምዓ ሲመለስ መኪናዋን አጠበ። ነገ አቧራ ነው አልኩት። «ይሁን» አለኝ።

ቅዳሜ

ትርንጎ ቶቧን ለብሳ ጋቢና ተቀመጠች። ወንበሩ ጋደም ብሏል፤ ትራስ ከግራም ከቀኝም አድርገንላታል። እኔ ከኋላዋ ነኝ። የዴም ጎረቤቶቿን ዓይን ዓይናቸውን እያየች ተሰናበተች። አላለቀሰችም፤ ስለዚህ እኔም አላለቀስኩም።

ሐጅ በሺር በራሳቸው መኪና መጥተው ነበር። «ሐጃን አንድ ጊዜ ጀምሬ አቋርጫለሁ፤ ዛሬ ልጨርስ» ብለው እስከ ከተማው ዳር ተከተሉን፤ በዚህኛው ጊዜ ጡሩምባቸውን እየነፉ። ዳር ላይ ቆመው እጃቸውን አውለበለቡ።

ሜዳው ተጀመረ። ትርንጎ መጀመሪያ የበሩን እጀታ አጥብቃ ይዛ ነበር። ጉድጓድ ሲመጣ ትከሻዋ ይነሳል፤ ሲያልፍ ይወርዳል። ቀስ በቀስ እጇን ለቀቀች፤ ከዚያ ማውራት ጀመረች። ቤታችንን እንዴት እንደማደራጀው ትነግረኝ ጀመር። የአባታችን ክፍል ይቀባ፣ ከጓሮ ያለው ቧንቧ ይሠራ፣ ቀይ ሽንኩርት ከቅዳሜ ገበያ እንጂ ከሱቅ አይገዛ።

ከፊት በመስታወቱ ይማም አየኝ። መደኒ እየቀረበ ነበር። አስፋልቱ ግማሽ በግማሽ ተበልቶ፣ ጉድጓዱ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዞት ታየኝ። መሸሻ የለውም። ይማም ፍጥነቱን ቀነሰ።

«...ደግሞ ሽንኩርቱን አጥበሽ አታስቀምጪ፣ ይሸታል» ትል ነበር ትርንጎ። የፊቱ ጎማ ወረደ፤ ብዙ ወረደ፤ ከዚያ ተነሳ። የኋላውም ተከተለ። «እናታችን ስታደርግ እንደነበረው እገመድ ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ ነፋስ ካገኘ ክረምቱን ሙሉ ይቆያል።»

ንግግሯን አላቋረጠችም። ጉድጓዱንም አላወቀችውም።

ይማም ጥቂት ነዳና ዳር ይዞ አቆመ። ወረደ። ከፊት ለፊቱ ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አጎነበሰ። ብዙ ቆየ።

«ምን ሆነ?» አለችኝ ትርንጎ።

«አሞርዛተሩን እያየ ነው» አልኳት።

በጎኑ መስታወት ጀርባውን አየችው። መስኮቱን ዝቅ አደረገችና፣ «ይማም፣ የላ! ፀሐዩ ሳይበረታ እንሂድ» ብላ ጠራችው። ተነሳ። ፊቱን በእጁ ጠርጎ ገባ። መሪውን ሲይዝ እጁን አየሁት፤ ዘይት አልነካውም፤ ርጥብ ነበር።